ዝናብ አጠር በሆነ መሬት ከምን እንጀምር?

ጥያቄ፦ የምናርሰው መሬት ዝናብ አጠር በሆነ አካባቢ የሚገኝ ተዳፋት ነው። ዝናቡ በአንድ ጊዜ ወርዶ አፈሩን ጠርጎ ይሄዳል፤ ብዙም ሳይቆይ ሰብሉ ይጠወልጋል። አንዳንዶች ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ እንድንገዛ፣ ሌሎች ደግሞ ከማሳው በላይ ያለውን ተራራ ከከብት ንክኪ እንድንከልል ይመክሩናል። ጉልበታችንም ገንዘባችንም ውስን ስለሆነ የትኛውን እናስቀድም?

መልስ፦ ሁለቱም ምክሮች ተገቢ ናቸው፤ ከሁለቱም የሚቀድመው ግን የወረደውን ዝናብ እዚያው ማሳው ላይ ማስቀረት ነው። በደረቅ አካባቢዎች ሰብል የሚከሽፈው በዝናብ ማነስ ብቻ ሳይሆን፣ ዝናቡ በጥቂት ቀናት ተጠራቅሞ ስለሚወርድና ገጹ በጠጠረ አፈር ውስጥ ሳይሰርግ በጎርፍ ስለሚሄድም ጭምር ነው። እርጥበት በሌለው አፈር ላይ የተበተነ ማዳበሪያ ትርፉ ዕዳ ነው።

የቡርኪና ፋሶ ገበሬዎች ለዚህ ችግር “ዛይ” የሚባለውን የቆየ ዘዴያቸውን አሻሽለው ተጠቅመዋል። በበጋ ወራት ከ20 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ስፋትና ከ10 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያላቸው ጉድጓዶች ይቆፈራሉ፤ የወጣው አፈር በቁልቁለቱ በኩል ተከምሮ ውሃውን ያግዳል፤ ጉድጓዱ ውስጥም ፍግ ወይም ኮምፖስት ይጨመራል። ፍጉን ፍለጋ የሚመጡ ምስጦች የጠጠረውን አፈር ስለሚቦረቡሩት ውሃው ወደ ታች ይሰርጋል፤ ማሽላው የሚዘራውም እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ነው። ሥራው እጅግ አድካሚ ስለሆነ በየበጋው የማሳውን ከፊል ብቻ መቆፈር ይበቃል። ውሃ በሚያቁር መሬት ላይ ግን አይመከርም።

እርከን ስትሠሩ መስመሩን በውሃ ልክ አስተካክሉ። ዝቅ ያለ ቦታ ከተገኘ ውሃው እዚያ ተጠራቅሞ እርከኑን ይሰብርና ቀድሞ ያልነበረ ቦረቦር ይፈጥራል።

ዛፍን በተመለከተ ሁልጊዜ ችግኝ መግዛት አያስፈልግም። በኒጀር ገበሬዎች እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በማሳቸው ውስጥ ከቀሩ ሕያው ጉቶዎች የሚያቆጠቁጡትን ቀንበጦች መርጠውና ገርዘው በማሳደግ 5 ሚሊዮን ሄክታር ገደማ መሬት በዛፍ እንዲሸፈን አድርገዋል።

ተራራውን ከመከለላችሁ በፊት ከብቶቹ ምን እንደሚበሉ ከጎረቤቶቻችሁ ጋር ተስማሙ፤ ከተከለለው ቦታ ሣር አጭዶ የመውሰድ መብት ያላገኘ ሰው ክለላውን አያከብርም፣ ልንፈርድበትም አይገባም። ምርጥ ዘር መግዛቱ ከዚህ በኋላ ይምጣ፤ ስትገዙም ቶሎ የሚደርስ ዝርያ ምረጡ፣ ማዳበሪያውንም ማሳው ላይ ከመበተን ይልቅ በየጉድጓዱ በቁንጥጫ ጨምሩ።