ሰው አልጠላሽም፣ ደክሞሻል

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ከታላቅ እህትሽ ጋር ትኖሪያለሽ፣ ሥራሽ ሜክሲኮ አካባቢ ባንክ ውስጥ መስኮት ላይ ነው። ቀኑን ሙሉ ደንበኛ፣ ምሳ ላይ ወሬ የማይሰለቻት ባልደረባሽ፣ ማታ ደግሞ ቡና ፈልቶ ጎረቤቱ ተሰብስቦ ይጠብቅሻል። ክፍልሽ ስትገቢ እናትሽ በስልክ «ሰው ጠላሽ እንዴ?» ይሉሻል። ሥራውን ልልቀቅ ወይ ብለሽኛል።

አሁን አትልቀቂ። የኪራዩ ግማሽ ካንቺ ደሞዝ ነው የሚወጣው፣ ባዶ እጅሽን ስትቀሪ ድካሙ ላይ ጭንቀት ይጨመርብሻል።

የእናትሽን ነገር ግን ዝም ብዬ አላልፈውም፣ ተሳስተዋል። ሰው መጥላትና ሰው መሀል ውሎ መድከም ለየቅል ናቸው። የስዊዘርላንዱ የሥነ ልቦና ሐኪም ካርል ዩንግ በ1921 እ.ኤ.አ. ኢንትሮቨርትና ኤክስትሮቨርት ብሎ ሲለይ ስለ ጥሩና መጥፎ ጸባይ አልነበረም የሚያወራው፤ የሰው ጉልበት ወደ ውስጥ ነው ወደ ውጭ የሚያዘነብለው ነው ነገሩ። አብዛኛው ሰው ደግሞ መሀል ላይ ነው፣ አንቺም ጠርዝ ላይ ነኝ ብለሽ አትደምድሚ።

ለባልደረባሽ ወሬ ዕረፍቷ ነው፣ ላንቺ ተጨማሪ ሥራ። ሳትነግሪያት ከሸሸሻት ኮራችብኝ ብላ ትቀየማለች፤ ስለዚህ በግልጽ «ምሳ አብረን እንብላ፣ ከዚያ ትንሽ ብቻዬን ዞር ዞር ልበል» በያት። ለእህትሽም እንዲሁ፦ ስገባ ግማሽ ሰዓት ተዪኝ፣ ከዚያ መጥቼ እቀመጣለሁ። አቦሉን ተጫውተሽ ጠጪ፣ ሲደክምሽ በረካን ሳትጠብቂ ተነሺ። ይሉኝታ ይይዝሻል፣ አውቃለሁ፤ ግን ኪራይ በምትከፍይበት ቤት በር መዝጋት ጥፋት አይደለም! ታክሲ ውስጥም የቅርንጫፉን ቴሌግራም ግሩፕ አትክፈቺ፣ ያቺ መንገድ ያንቺ ናት።

ከዚህ ጎን ለጎን የባንኩን የውስጥ የሥራ ማስታወቂያ ተከታተይ። ሂሳብ ማስታረቅ ወይም የውስጥ ኦዲት ሲወጣ አመልክቺ። እኔ ኦዲት ውስጥ ነው ያደግኩት፤ እዚያም ሰው አለ፣ ግን ጥያቄሽን አዘጋጅተሽ፣ ቀጠሮ ይዘሽ ነው የምታገኚው፣ ሰልፉ ፊትሽ ቆሞ አይጠብቅሽም። ተቀማጭ አሰባሰብ ላይ ዕድገት ቢሰጡሽ ግን ሁለት ሺህ ብር ይጨመራል ብለሽ አትቸኩዪ፣ እዚያ ቀኑን ሙሉ ሰው ማሳመን ነው።

ያሰብሽውን የማታ ማስተርስ ለጊዜው ተዪው። ዝውውሩ ከተሳካ በኋላ ጻፊልኝ፣ ያኔ እናወራበታለን።