ባቡር መርከብ ላይ ወጥቶ ያውቃል?

ጥያቄ፦ ሰላም ለአምዱ አዘጋጆች። ተወልጄ ያደግኩት አዳማ ፍራንኮ ሰፈር ነው። አያቴ ነፍሳቸውን ይማርና የምድር ባቡር ሰራተኛ ነበሩ፣ ልጅ ሆነን «በውጭ አገር ባቡሩ ራሱ መርከብ ላይ ይወጣና ውሃውን ይሻገራል» ይሉን ነበር። ሰሞኑን ቡና ላይ ይሄን ሳወራ ጓደኞቼ ተረት ነው፣ ያን ሁሉ ብረት ችሎ የማይሰምጥ መርከብ የለም ብለው ሳቁብኝ፣ እኔም ለአያቴ ብዬ ከልቤ ተናደድኩ። እውነት ነው? እውነት ከሆነስ አዋሽ ላይ ለምን ድልድይ ተሰራ? መንገደኛውስ ባቡሩ ውስጥ እንደተቀመጠ ነው የሚሻገረው?

መልስ፦ አያትህ እውነታቸውን ነው የነገሩህ፣ ጓደኞችህን ሰብስብና ይቺን አንብብላቸው።

መስጠሙን መጀመሪያ እንጨርሰው። መርከብ የራሱንና የጭነቱን ክብደት የሚያህል ውሃ እስከገፋ ድረስ ይንሳፈፋል፣ ስለዚህ ሰፋ አድርገህ ከሰራኸው ፉርጎ መሸከም ብዙም አይከብደውም። መሀንዲሶቹን እንቅልፍ የነሳቸው ዳሩ ላይ ያለው ነገር ነው። ሀዲድ እኮ ትንሽ የከፍታ ልዩነት ካገኘ ጎማውን ይጥላል፣ መርከብ ደግሞ ባህሩ ሲሞላ ከፍ ሲጎድል ዝቅ ይላል፣ ፉርጎ ሲገባበት ደግሞ ጎንበስ ይላል፣ እና የማይንቀሳቀሰውን ሀዲድ ከዚህ ከሚወዛወዝ ነገር ጋር እንዴት ታጋጥመዋለህ?

ይሄን የፈታው ቶማስ ባውች የሚባል እንግሊዛዊ ኢንጂነር ነው። ስኮትላንድ ውስጥ ፎርዝ የሚባል ሰፊ የባህር ክንድ አለ፣ ከግራንተን እስከ በርንቲስላንድ 8 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይሆናል፣ በዚያ ዘመን ድልድይ የማይታሰብበት ቦታ። ባውች ዳሩ ላይ ተዳፋት የድንጋይ ንጣፍ አሰራና ሀዲድ ዘረጋበት፣ በዛ ላይ ጎማ ያለው ትልቅ የእንጨት መድረክ አስቀመጠ፣ ባህሩ ሲወጣ መድረኩን ወደ ላይ መሳብ ሲወርድ ወደ ታች መልቀቅ፣ ከመድረኩ ጫፍ ደግሞ እንደ ምላስ የሚዘረጋ ትንሽ ድልድይ መርከቡ ላይ ጠብ ይላል፣ ከዛ የመርከቡ ሀዲድና የመሬቱ ሀዲድ አንድ መስመር ሆኑ ማለት ነው። ፉርጎዎቹን የሚጎትተው እዛው የተተከለ የእንፋሎት ሞተር ነበር። ሌቪያታን የተባለችው መርከብ በፈረንጆቹ 1850 ስራ ጀመረች፣ የፎርዝ ድልድይ በ1890 እስኪከፈት ድረስ 40 አመት ሙሉ እቃ የተሻገረው በዚሁ መንገድ ነው። ለኔ ከድልድዩ ይልቅ ይቺ መድረክ ትበልጥብኛለች፣ ከባህሩ ጋር ሳትታገል አብራው ከፍ ዝቅ የምትል ነገር ናት።

የባውች መጨረሻ ግን ያሳዝናል። ቴይ ወንዝ ላይ የሰራው ረጅም ድልድይ በ1879 ታህሳስ ማታ በከባድ ነፋስ ከነባቡሩ ፈረሰ፣ 75 ሰው ገደማ አለቀ፣ አጣሪዎቹ ዲዛይኑም ግንባታውም ጥገናውም መጥፎ ነበር ብለው ፈረዱ፣ እሱም አመት ሳይሞላው ሞተ።

ሌላው ጣጣ ባላንስ ነው። ፉርጎዎቹን ሁሉ በአንድ ጎን ካስገባህ መርከቡ ይጋደላል፣ ስለዚህ ግራ ቀኝ እያፈራረቁ ነው የሚጭኑት። ከሁሉ የሚከብደው ሎኮሞቲቩ፣ ማለትም ፉርጎዎቹን የሚጎትተው ሞተር ስለሆነ ብዙ ቦታ እሱን ጭራሽ አያስገቡትም፣ በሱና በጭነቱ መሀል ባዶ ፉርጎዎች ይቀጥሉና ከመሬት ሳይወርድ በነሱ እየገፋ ያስገባል።

አሁን ደግሞ እኛን የሚነካውን ልንገርህ። ከአሌክሳንድሪያ ካይሮ የሚሄደው የግብፅ ባቡር ካፍር ኤል ዛያት ላይ አባይን የሚሻገረው 24 ሜትር በምትሆን ተንሳፋፊ መድረክ ነበር። በ1858 ግንቦት የገዢው የሰይድ ፓሻ አልጋ ወራሽ አህመድ ሪፋት የነበረበት ልዩ ባቡር ከመድረኩ ላይ ወንዙ ውስጥ ገባና ልዑሉ ሰጥሞ ሞተ። ከዛ በኋላ እንግሊዛዊው ኢንጂነር ሮበርት ስቲቨንሰን መድረኩን ትቶ 500 ሜትር የሚጠጋ፣ ጀልባ እንዲያልፍ የሚዞር ድልድይ ሰራበት። ግን ልብ በል፣ አህመድ ሲሞት ተራው ለወንድሙ ለእስማኤል ደረሰ፣ በ1863 ስልጣን ያዘ፣ ጉንደትና ጉራ ድረስ ጦር የላከብን ከዲቭ እስማኤል ማለት እሱ ነው! አፄ ዮሐንስ በ1875 እና በ1876 ያሸነፉት ጦር የዚህ ሰውዬ ጦር ነው። አህመድ ቢነግስ ምን ይሆን እንደነበር እግዜር ይወቀው፣ እኔ ግን ይሄን ካወቅኩ ወዲህ ስለ ጉራ ባነበብኩ ቁጥር ያ መድረክ ነው ትዝ የሚለኝ።

ወደ አዋሽህ ስንመጣ፣ ባቡር የሚያሻግር መርከብ የሚፈልገው ሰፊ፣ ጥልቅና ረጋ ያለ ውሃ ነው። አዋሽ ደግሞ ባቡሩ በሚያልፍበት ቦታ ገደል ውስጥ ነው የሚሮጠው፣ በበጋ ያንሳል በክረምት ይደነፋል፣ መርከብ ብታመጣ እንኳ ባቡሩን ገደሉን አውርደህ እንደገና ልታወጣው ነው። ስፋቱ ግን ትንሽ ስለሆነ ለድልድይ የተመቸ ነው፣ ለዛ ነው የጅቡቲው መስመር በድልድይ ያለፈው። አፍሪካ ውስጥ የመርከቡን ነገር ማየት ከፈለግክ ቪክቶሪያ ሀይቅ ሂድ፣ ኬንያ ኡጋንዳና ታንዛኒያ ከፈረንጆቹ 1960ዎቹ ጀምሮ ፉርጎ በመርከብ ሲለዋወጡበት የኖሩበት ነው።

ስለ መንገደኛው፣ በሌቪያታን ጊዜ ሰው ከባቡር ወርዶ በሌላ ጀልባ ነበር የሚሻገረው፣ እሷ የምትጭነው እቃ ብቻ ነው። ዛሬ ግን ከዋናው ጣልያን ወደ ሲሲሊ የሚሄደው የሌሊት ባቡር ቪላ ሳን ጆቫኒ የሚባለው ወደብ ላይ ሲደርስ ይቆራረጥና ከነመንገደኛው መርከቡ ሆድ ውስጥ ይገባል፣ የተኛው አልጋው ላይ እንደተኛ ባህሩን ይሻገራል።