ፋብሪካው የእንጨት ቁርጥራጭ ማንደድ ከጀመረ ወዲህ ልጄ ሌሊቱን ስትስል ታድራለች

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የምኖረው አቃቂ ቃሊቲ ነው። ከአጥራችን ጀርባ አንድ ፋብሪካ አለ። ድሮ ቦይለሩን በጥቁር ናፍጣ ነበር የሚያሠራው። ካለፈው ዓመት ወዲህ ግን በአይሱዙ የሚራገፍ የእንጨት ውድቅዳቂ ያነዳል፤ የፈረሰ ቤት ጣውላ፣ ፓሌት፣ ከፈርኒቸር ቤት የሚወጣ የችፑድና የኤምዲኤፍ ቁርጥራጭ፣ ሰጋቱራ፣ ያገኙትን ሁሉ። ንጋት 11 ሰዓት ላይ ሲለኩሱት ሰፈሩ ይታፈናል። ያሰጣሁት ዩኒፎርም ጥቀርሻ ለብሶ ይቆየኛል። የሰባት ዓመት ልጄ ሌሊት ሌሊት ትስላለች፤ ደረቷ ሲር ሲር ይላል። ትኩሳት የላትም። ሦስት ጊዜ አንቲባዮቲክ ወስዳ ለውጥ የለም። ጎረቤት «ብርድ መቷት ነው» ይላል። የፋብሪካው ሰዎች ደግሞ «እንጨት እኮ ነው፤ እናቶቻችን በእንጨት ጭስ አይደል ያሳደጉን? ወተት አጠጫት» አሉኝ። ጭሱ ነው ወይስ ብርዱ? ምን ላድርግ? አመዱንም በነጻ ስለሚሰጡን ዕቃ እናጥብበታለን፤ ጉዳት ይኖረው ይሆን?

አንዲት እናት፣ ከቃሊቲ

መልስ፦ እህቴ፣ ከመጨረሻው ጥያቄዎ ልጀምር። አመዱን ዛሬውኑ ይተዉት። ድስቱን በሳሙናና በሽቦ ይፈትጉት፤ የተጠራቀመ አመድ ካለም ጓሮ ጎመኑ ላይ እንዳይበትኑት። ለምን እንደሆነ ወደ ታች እመለስበታለሁ።

ልጅዎን ሳላያት ይህ ነው ብዬ መቁረጥ አልችልም። ነገር ግን ሌሊት የሚብስ ሳል፣ ሲር ሲር የሚል ደረት፣ ትኩሳት አለመኖሩ፣ በአንቲባዮቲክም አለመለወጡ ተደምሮ ሲታይ አስምን ነው የሚያሳስበኝ። አንቲባዮቲክ የሚገድለው ባክቴሪያ ነው። የእሷ ችግር ግን የአየር ቧንቧው መቆጣት ይመስላል፤ ውስጠኛው ሽፋን ያብጣል፣ አክታ ይበዛል፣ ዙሪያውን ያሉት ጡንቻዎች ይኮማተራሉ። ሲር የሚለው ድምፅ አየሩ በጠበበው ቧንቧ ሲሾልክ የሚያፏጨው ነው። ሳሉ ሁለት ሳምንት ካለፈው ግን የሳንባ ነቀርሳ ምርመራም ሊደረግላት ይገባል። ይህን ሳያጣሩ «አስም ነው» ብሎ መቀመጥ ተገቢ አይደለም።

ብርዱና ጭሱን በተመለከተ ጎረቤትዎም ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም። ቀዝቃዛ አየር አስምን ይቀሰቅሳል። ደግሞም ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ጥርት ያሉ ሌሊቶች መሬቱ ቶሎ ይቀዘቅዛል፤ ቀዝቃዛው አየር ከታች ይተኛል፣ ሞቃቱ ከላይ እንደ ድስት ክዳን ይደፋበታል። ንጋት 11 ሰዓት ላይ የተለኮሰ እሳት ጭሱ ወደ ሰማይ መውጣት ያቅተውና በየቤቱ ይገባል። ብርዱ ቃሊቲ ድሮም ነበረ፤ ሳሉ የመጣው ግን ከጣውላው ጋር ነው።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ዩኒፎርሙ ላይ ከሚያዩት ጥቀርሻ ይልቅ የማያዩት ነው። የሚታየው ጥቀርሻ ትልቅ ስለሆነ ይወድቃል፣ ወይም አፍንጫ ላይ ይቀራል። ውፍረታቸው ከ2.5 ማይክሮን የማይበልጥ፣ ከአንድ ፀጉር ሠላሳ ጊዜ ያህል የሚቀጥኑት ብናኞች ግን እስከ ሳንባ ጥግ ይወርዳሉ፤ ከነሱም እጅግ የደቀቁት ወደ ደም ይገባሉ። ስለዚህ ጉዳቱ ሳል ላይ አያቆምም። ቤትዎ ውስጥ የልብ ሕመምተኛ ወይም ደም ግፊት ያለባቸው አዛውንት ካሉ እነሱንም ይመለከታቸዋል፤ ነፍሰ ጡር ካለችም ጭሱ የፅንሱን ክብደት ሊቀንስ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ የእነዚህ ብናኞች የዓመት አማካይ በአንድ ሜትር ኪዩብ አየር ከ5 ማይክሮግራም፣ የ24 ሰዓቱ ደግሞ ከ15 እንዳይበልጥ ይመክራል። ቀትር ላይ ጭስ ማውጫው ጥርት ብሎ ሲያዩት ጭሱ ቆሟል ማለት አይደለም፤ እሳቱ ሲግል ትልልቁ ጥቀርሻ ይቀንሳል እንጂ ደቃቁ መውጣቱን አያቆምም።

«እንጨት እኮ ነው» ላሏችሁ መልሴ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ንጹሕ እንጨትም ቢሆን ጭሱ ይጎዳል። ሲጋራ በእጃቸው ነክተው የማያውቁ፣ ሳንባቸው ግን የዕድሜ ልክ አጫሽ የሚመስል ስንት እናቶች አክሜያለሁ! አሳድገውናል፤ ዋጋውን የከፈሉት እነሱ ናቸው። ሁለተኛ፣ ችፑድ እንደ ፍልጥ እንጨት ሊታይ አይገባም። ሰጋቱራውን አንድ ላይ የያዘው ሙጫ ሲነድ ፎርማልዲሃይድ ይለቃል፤ ይህ ነገር ካንሰር አምጪ መሆኑ የተረጋገጠ ነው። ጠርዙ ላይ የሚለጠፈው ፕላስቲክ ፒቪሲ ከሆነ አሲድና ዳዮክሲን የተባለ መርዝ ያወጣል። ከፈረሰ ቤት የመጣ ቀለም የተቀባ በርና መስኮት እርሳስ ሊኖረው ይችላል፤ እርሳስ የልጅን አእምሮ የሚጎዳ ብረት ነው። ምስጥ እንዳይበላው መድኃኒት የተነከረ ምሰሶ ከገባበት ደግሞ አርሴኒክ የተባለ መርዝ ሊኖር ይችላል።

አመዱን ይተዉ ያልኩት ለዚህ ነው። ሙጫው ይነዳል፣ ብረት ግን አይነድም፤ እሳቱ ሲጠፋ አብዛኛው አመዱ ውስጥ ተከማችቶ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ1984 በአሜሪካ የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ የዊስኮንሲን ገጠር ቤተሰብ ታሪክ አለ። ስምንቱም የቤቱ ሰዎች ብርድ በመጣ ቁጥር ይታመሙ ነበር፤ ሰውነታቸው ሽፍ ይላል፣ ደረታቸው ይታፈናል፣ ፀጉራቸው ይረግፋል። ኋላ ሲመረመር ምድጃቸው ውስጥ የሚያነዱት በአርሴኒክ የተነከረ ኮምፔርሳቶ ሆኖ ተገኘ፤ መርዙ በፀጉራቸውና በጥፍራቸው ውስጥ ነበር። የእናንተ ፋብሪካ እንዲህ ያለውን ያነዳል እያልኩ አይደለም። ነገር ግን ያገኙትን ሁሉ የሚያነድ ሰው በአመዱ ውስጥ ምን እንዳለ ሊነግርዎ አይችልም።

ስለ ወተቱም አንድ ነገር ልበል። ከዓመታት በፊት አንድ የቦይለር ሠራተኛ ወደ ክሊኒኬ መጥቶ ነበር። ሁለት ቃል ተናግሮ ያርፋል፤ ሲተነፍስ ትከሻው ከፍ ዝቅ ይላል። የእሳቱን በር ከፍቶ ጣውላ ሲወረውር ጭሱ ፊቱ ላይ ነው የሚመለሰው፤ ማታ ማታ ራሱን ለሁለት ይከፍለዋል። ራስ ምታቱን የሚያመጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ነው፤ ደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዛል። «ጭንብል ይሰጧችኋል?» አልኩት። «ወተት ይሰጡናል» አለኝ። ለሦስት ዓመት በየቀኑ ግማሽ ሊትር! ወተቱ ወደ ሆድ ነው የሚወርደው፤ ጭሱ የሚገባው ሳንባ ነው፤ መንገዳቸው አይገናኝም። ወተት ለልጅ ጥሩ ምግብ ነውና ካለዎት ይስጧት፤ ለጭሱ መድኃኒት ብለው ግን አይቁጠሩት። ለሳሏ ብለውም ቀበሪቾ እንዳያጥኗት፤ ያም ጭስ ነው።

ሕክምናው በእጃችን ያለ ነው። ሐኪሟ አስም መሆኑን ካረጋገጠ ሁለት ዓይነት በአፍ የሚሳብ መድኃኒት አለ፤ ብዙ ሰው ፓፍ የሚለው ማለት ነው። ሳልቡታሞል የጠበበውን ቧንቧ ወዲያው ይከፍታል። እንደ ቤክሎሜታሶን ያለው ደግሞ መቆጣቱን ያበርዳል፤ ሳሉ ቢጠፋም ሐኪሙ ተዉ እስኪል በየቀኑ ይወሰዳል። «ሱስ ያስይዛል» የሚባለውን አይስሙ። የሰባት ዓመት ልጅ ፓፉን ብቻውን ስትስብ አብዛኛው ጉሮሮዋ ላይ ይቀራል። የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ያጥቡና ያድርቁ፤ ከሥሩ የፓፉን አፍ ልክ የሚያህል ቀዳዳ ይክፈቱ። ፓፉን በደንብ ነቅንቀው ቀዳዳው ላይ ይግጠሙ፤ እሷ በጠርሙሱ አፍ ላይ ከንፈሯን ትግጠም። አንዴ ይጫኑ፣ አምስት ጊዜ በዝግታ ትተንፍስ። ሁለተኛው ካስፈለገ ጥቂት ቆይቶ እንደገና።

ጎድኗ ስር እየተሰረጎደ የምትተነፍስ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር መጨረስ የሚያቅታት፣ ከንፈሯ የሚጠቁር ወይም ፓፉ የማያሽላት ከሆነ ሌሊትም ቢሆን ሳይዘገዩ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዷት።

ቤት ውስጥ፣ አልጋዋን ከአጥሩ ራቅ ወዳለው ክፍል ያዛውሩ። ማታ በዚያ በኩል ያለውን መስኮት ዘግተው ከበሩ ሥር እርጥብ ጨርቅ ያድርጉ፤ ከሰዓት ነፋስ ሲነሳ ቤቱን ይክፈቱት። የከሰል ምድጃና የእንጀራ እሳት እሷ ካለችበት ቤት ውጭ ይሁን። የጨርቅ ጭንብል ደቃቁን ብናኝ አያስቀርም፤ ገንዘብዎን ለፓፉ ያውሉት።

የቀረው የፋብሪካው ጉዳይ ነው። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ማንም ሰው፣ ጥቅሜ ተነክቷል ብሎ ማስረዳት ሳያስፈልገው፣ ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አቤት እንዲል ይፈቅዳል። በ30 ቀን ውሳኔ ካልተሰጠ ወይም ውሳኔው ካላረካዎት በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይቻላል። ስትጠይቁ ጭስ ማውጫው ይርዘም በሚል ብቻ እንዳትረኩ፤ ያ ጭሱን ለቀጣዩ ሰፈር ማስተላለፍ ነው። ችፑድ፣ ኤምዲኤፍና ቀለም የነካው ሁሉ እሳት ውስጥ እንዳይገባ፣ የሚነደው እንጨት ደረቅ እንዲሆን፣ ብናኝ የሚያስቀር ማጣሪያ እንዲገጠም ጠይቁ። ይህ የሚጠቅመው በቦይለሩ እሳት በር ፊት ለሚቆሙትም ሠራተኞች ጭምር ነው።

ከዛሬ ጀምሮ አንድ ደብተር ይያዙ። በስንት ሰዓት ተለኮሰ፣ ጭሱ ምን ቀለም ነበረው፣ አይሱዙው ምን አራገፈ፣ ልጅዎ በዚያ ሌሊት ስንት ጊዜ ከእንቅልፏ ነቃች፣ ፓፉን ስንት ጊዜ ወሰደች። ከሁለት ሳምንት በኋላ አንዱን ቅጂ ለመሥሪያ ቤቱ፣ ሌላውን ለሐኪሟ ይስጡ።