ሁለቱም መብራት ሲበራ ነጥቡ የማን ነው?

ሰላም ወንድሜ። የፓሪስ 2024 ኦሊምፒክን የፌንሲንግ፣ በእኛ አጠራር የሻሞላ፣ ውድድር ስታይ ምት ሲያርፍ የሚበራው የሁለቱም ተፋላሚ መብራት በርቶ አንዳንዴ ለሁለቱም፣ አንዳንዴ ለአንዱ፣ አንዳንዴ ደግሞ ለማንም ነጥብ አለመሰጠቱ ግራ አጋብቶህ ጠይቀሃል። መጀመሪያ የያዙትን መሣሪያ ለይ። ሦስቱ የሻሞላ ዓይነቶች፣ ኤፔ፣ ፎይልና ሳብር፣ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ሕግ አላቸው።

የሚቀለው ኤፔ ነው። ከጭንብል እስከ ጫማ መላ ሰውነት ዒላማ ነው፤ የሚያስቆጥረው ግን ጫፉ ብቻ ነው። ቀድሞ የወጋ ነጥቡን ይወስዳል። በሁለቱ ምት መካከል ያለው ልዩነት ከሰከንድ አንድ ሃያ አምስተኛ ካነሰ ምቱን የሚመዘግበው ማሽን ሁለቱንም መብራት ያበራል፤ ያኔ ለሁለቱም አንድ አንድ ይቆጠራል። ይህ የሚጠቅመው መሪውን ነው። 14 ለ 12 የሚመራ ሰው አንዴ አብሮ ከወጋ 15 ለ 13 ጨርሶ ይወጣል። ለዚህ ነው ወደ መጨረሻው ተመሪው ሲንደረደር መሪው ክንዱን ዘርግቶ የሚጠብቀው።

የሚከብደው ፎይል ነው፤ አብዛኛው ተመልካች የሚሳሳተውም እዚህ ነው። ዒላማው ከአንገት በታች ያለው ግንድ አካል ነው። ቀይ ወይም አረንጓዴ ሲበራ ጫፉ የብረት ክር የተሠራበትን ሰደሪያ ነክቷል ማለት ነው። ነጭ ሲበራ ክንድ፣ እግር ወይም ሌላ ዒላማ ያልሆነ ቦታ ተነክቷል፤ ፍልሚያው ይቆማል። ሁለቱም ባለ ቀለም መብራት ከበራ ዳኛው የሚጠይቀው «ማን ቀደመ?» ብሎ ሳይሆን «የማጥቃት መብቱ የማን ነበር?» ብሎ ነው። ክንዱን ወደ ዒላማው እየዘረጋ የተነሳው መብቱን ይይዛል። ተከላካዩ ብረቱን በብረት መክቶ ከመለሰ መብቱ ወደ እሱ ይዞራል፤ የተመከተው አጥቂ በዚያው ገፍቶ ቢወጋ እንኳ ነጥቡ የመካቹ ነው። መብቱን የያዘው ነጭ አብርቶ ሌላው ባለ ቀለም ቢያበራስ? ለማንም አይቆጠርም። ሁለቱም እኩል ከተነሱም እንዲሁ። በፓሪስ የወንዶች ፎይል ፍጻሜ የሆንግ ኮንጉ ቹንግ ካ ሎንግና ጣሊያናዊው ፊሊፖ ማኪ 14 ለ 14 ላይ ሲደርሱ ዳኛው ደጋግሞ ወደ ቪዲዮ የሄደው ይህንኑ ለመለየት ነው፤ ቹንግ 15 ለ 14 አሸነፈ።

ሳብር የማጥቃት መብቱን ሕግ ከፎይል ጋር ይጋራል። ዒላማው ከወገብ በላይ ነው፤ ክንድና ጭንብል ይጨምራል፣ እጅ ግን አይቆጠርም። ስለቱም ጫፉም ያስቆጥራል። ዒላማ ያልሆነ ቦታ ቢነካ መብራት የለም፤ ፍልሚያው ይቀጥላል። ሁለቱ በ4 ሜትር ርቀት ቆመው «ጀምሩ» እንደተባሉ ስለሚንደረደሩ ሁለት መብራት የሚበዛው እዚህ ነው። ዓይንህን ከመብራቱ አንሥተህ የክንዳቸው አነሣስ ላይ አድርገው። ቱኒዚያዊው ፋሬስ ፌርጃኒ በፓሪስ ብር ያገኘው በዚህ መሣሪያ ነው።

አንዳንዴ ደግሞ ጥፋቱ የመሣሪያው ወይም የሽቦው ነው። ሲወጋ የሚጫነው ባለ ስፕሪንግ የኤፔ ጫፍ የ750 ግራም ክብደት፣ የፎይል ጫፍ ደግሞ የ500 ግራም ክብደት አንሥቶ መመለስ አለበት፤ ዳኛው ከግጥሚያው በፊት ክብደቱን ጫፉ ላይ አስቀምጦ ይፈትናል። በዚህ ፈተና የወደቀ መሣሪያ ቢጫ ካርድ ያሰጣል። የፎይል የኤሌክትሪክ ዑደት ሁልጊዜ የተዘጋ ስለሆነ መሣሪያውን ከማሽኑ የሚያገናኘው ገመድ ሲበጠስ ማንም ሳይነካ ነጭ ይበራል። ኤፔ ግን በተቃራኒው ክፍት ነው፤ ገመዱ ቢበጠስ ተወጋግተው እንኳ ምንም አይበራም። የኤፔ ተፋላሚ ሲጠራጠር ገመዱን ሳይነቅል፣ መሣሪያውንም ሳይቀይር ዳኛውን መጥራት አለበት፤ ከነካካው ብልሽቱን ማረጋገጥ ስለማይቻል የተቆጠረበት ነጥብ አይሰረዝለትም።

የነጠላ ግጥሚያ በኤፔና በፎይል ሦስት ጊዜ ሦስት ደቂቃ፣ ወይም እስከ 15 ነጥብ ነው። ሰዓቱ እኩል ላይ ካለቀ አንድ ደቂቃ ይጨመርና ከመጀመሩ በፊት ዕጣ ይወጣል፤ በዚያ ደቂቃ ማንም ካላስቆጠረ ዕጣ የወጣለት ያሸንፋል። በዚህ ደቂቃ የኤፔ ድርብ ምት አይቆጠርም። በለንደን 2012 ኮሪያዊቷ ሺን አ ላም 5 ለ 5 ላይ ዕጣው የእሷ ነበር፤ አንድ ሰከንድ እንደቀረ የጀርመኗ ብሪታ ሃይደማን ወጋቻት፣ ሺንም መድረኩ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች።