ሲጋር ይለሰልሳል ወይስ ይለዝባል?

«የዶሚኒካን ሪፐብሊክ ሲጋር ቀምሼ ጣዕሙን ለወዳጆቼ ልጽፍ ስል ቃል አጣሁ። ‹ቀላል› ልበለው፣ ‹ለስላሳ› ወይስ ‹ለዘብ ያለ›? ለመሆኑ ጢስ ይቀመሳል?» — አንድ አንባቢ

ከመጨረሻው ልነሣ፤ ይቀመሳል። ሲጋር፣ ያ ከትምባሆ ቅጠል የሚጠቀለለው፣ እንደ ሲጋራ ወደ ሳንባ አይሳብም፤ ጢሱ አፍ ውስጥ ጥቂት ቆይቶ ይወጣል። ቡና ቀማሽም የቀመሰውን ይተፋዋል፤ ቀማሽነቱን ግን የነፈገው የለም። መቅመስ የግድ መዋጥ ነው የሚሉ መዝሙር 34፥8ን ይመልከቱ፤ ግእዙ በ«ጥዕመ» የተናገረውን አማርኛው «ቅመሱ» ብሎታል፤ የሚቀመሰውም የእግዚአብሔር ቸርነት ነው። «ጣዕም» የዚሁ ግስ ልጅ ነው፤ ዐረብኛና ዕብራይስጥም ሥሩን ይጋሩታል። አማርኛ በግሱ ላይ «ዐ»ን (ዐይን የሚባለውን ፊደል) ውጦ «ጣመ» ቢልም በስሙ ላይ ፊደሉን ጠብቆታል፤ «ጣእም» እያላችሁ የምትጽፉ፣ እባካችሁ ተዉ።

«ቀላል» አይሁን። የክብደት ቃል በትምባሆ ነገር ያሳስታል። የኩባ ገበሬዎች ከተክሉ አናት የሚለቅሙትን ቅጠል «ሊሄሮ» ይሉታል፤ በስፓኒሽ «ቀላል» ማለት ነው፤ ከቅጠሎቹ ሁሉ ኃይለኛው ግን እርሱ ነው!

«ለስላሳ» በመሠረቱ የመዳሰስ ቃል ነው። «ለስላሳ ሲጋር» ስትሉኝ ጢሱን ነው ወይስ የሽፋን ቅጠሉን? «ለዘበ» ግን ጥንካሬ የነበረው ነገር ሲገራ የሚነገር ነው፤ ቆዳ ሲታሽ ይለዝባል፤ የተቆጣ ሰው ንግግሩ ይለዝባል። የእንዲህ ያለ ሲጋር ጠባይ ይኸው ነው። ኃይልና ጣዕም ለየቅል ናቸው፤ ኒኮቲኑ ያነሰ ሲጋር የደረቅ ሣር፣ የስልባቦት፣ የዝግባ እንጨት ጣዕም አሟልቶ ሊሰጥ ይችላል። ጢሱን በአፍንጫ ስታወጡት ቢሰነፍጣችሁም «ሰነፈጠኝ» ብላችሁ ጻፉ፤ «ቅመም ቅመም አለኝ» ከሚለው ይህ እጅግ ይሻላል።

«ለስላሳ» ለጣዕም መነገሩ የቆየ ነው ብሎ የሚሞግተኝ ወገን አለ፤ ማስረጃው «ለስላሳ መጠጥ» ነው። እርሱ ከውጭ አጠራር የተተረጎመ ስለሆነ አያሳምነኝም። ሆኖም ዛሬ አስተናጋጁ «ለስላሳ ምን ላምጣ?» ሲል ጨርቅ የሚመጣለት የሚመስለው ሰው የለም፤ ቃሉ ከእጅ ወደ ምላስ ተሻግሯል፤ ወደድሁም ጠላሁም። ስለዚህ «ለስላሳ ሲጋር» ብትሉ ስሕተት ነው አልልም። እኔ ግን «ለዘብ ያለ» እላለሁ፤ «ለዘብተኛ ሲጋር» የሚለውን ደግሞ ፖለቲከኞች አጫሽ ሲሆኑ ያስቡበት።