ገብሱን የሰፈረው ማን ነው? ስለ ጥንታውያን ሥልጣኔዎች የአንባብያን ጥያቄና መልስ

ከአንባብያን ከደረሱን ጥያቄዎች አምስቱን መርጠናል። «ቅድመ ልደተ ክርስቶስ» የሚለውን «ቅ.ል.ክ.» እያልን አሳጥረናል።

ጥያቄ፦ «ሥልጣኔ የወንዝ ልጅ ነው» ሲባል እሰማለሁ። ታዲያ ወንዝ ያለው አገር ሁሉ ለምን በጥንት ዘመን ከተማና መንግሥት አላቋቋመም?

መልስ፦ ወንዙ ብቻውን በቂ ምክንያት ስላልሆነ ነው። ኤፍራጥስና ጤግሮስ ወደ ባሕር የሚቃረቡበትን ደቡብ ሜሶፖታሚያን፣ የዛሬውን ደቡብ ኢራቅ፣ ይመልከቱ። የዚያ አገር ዝናብ በዓመት 200 ሚሊ ሜትር እንኳ ስለማይሞላ ገብስ አያበቅልም። ቦይ ያልቀደደ አይበላም። ሙላቱም የሚመጣው ያለ ጊዜው ነው። ወንዞቹ የሚሞሉት በአናቶሊያ፣ በዛሬዋ ቱርክ፣ ተራሮች ያለው በረዶ ሲቀልጥ፣ በመጋቢትና በሚያዝያ ነው፤ ያኔ ደግሞ ገብሱ ለአጨዳ ደርሷል። ዘር በሚዘራበት በጥቅምትና በኅዳር ወንዙ ዝቅ ብሎ ይገኛል። ስለዚህ ገበሬው ውኃ ሲፈልግ ከሩቅ መሳብ፣ ሳይፈልገው ሲመጣበት በአፈር ግድብ መመለስ ነበረበት። ቦዩን ደለል ስለሚሞላው በየዓመቱ መጥረግ ግድ ነው፤ ከላይ ያለው ሰፈር ካልጠረገ ከታች ያለው ይጠማል። ይህን ሥራ አንድ ቤተሰብ አይወጣውም።

በግብፅ ነገሩ ተቃራኒ ነው። ዓባይ የሚሞላው በሐምሌና በነሐሴ፣ ማሳው ባዶ ሳለ ነው። በጥቅምት ውኃው ሲሸሽ ርጥብ ለም አፈር ትቶ ይሄዳል፤ ገበሬው ዘሩን እዚያው ላይ ይበትናል።

ከወንዙ ይልቅ እኛ ትልቅ ቦታ የምንሰጠው ለእህሉ ነው። ገብስና ስንዴ ባንድ ወቅት ይደርሳሉ፤ ከመሬት በላይ ስለሚያፈሩ አይደበቁም፤ ከደረቁ ጎተራ ውስጥ ይቆያሉ፤ በስፍር ይከፋፈላሉ። ሥራ ሥር ግን ባለቤቱ እስኪፈልገው ድረስ አፈር ውስጥ ሊቆይ ስለሚችል፣ ግብር ሰብሳቢ በአንድ ሳምንት መጥቶ ሰብስቦት አይሄድም። መንግሥት የቆመው ሊሰፈርና ሊከማች በሚችል እህል ላይ ነው።

ሰው አንድ ቦታ መከማቸቱም ብቻውን መንግሥት አይፈጥርም። በዛሬዋ ቱርክ በምትገኘው ቻታልሆዩክ፣ በ7000 ቅ.ል.ክ. ገደማ፣ ቤቶች ያለ መንገድ ተጣብቀው ተሠርተው ነበር፤ ሰው የሚገባው በጣራው ቀዳዳ በመሰላል ወርዶ ነው። ቤተ መንግሥትም የጋራ ጎተራም አልተገኘባትም። እያንዳንዱ ቤት እህሉን የሚያስቀምጠው በራሱ ጓዳ ነበር።

ጥያቄ፦ ጽሕፈት የተጀመረው ለጸሎት ነው፣ የነገሥታትን ገድል ለማቆየት ነው ወይስ ለሌላ?

መልስ፦ ለቀለብ ሂሳብ ነው። መጽሐፍ ቅዱስ ኦሬክ በሚላት በደቡብ ሜሶፖታሚያ በኡሩክ ከተማ፣ ከ3300 እስከ 3000 ቅ.ል.ክ. ገደማ የተጻፉ ወደ 5000 የሚጠጉ የሸክላ ጽላቶችና ስብርባሪዎች ተገኝተዋል። ከአሥሩ ስምንት ዘጠኙ የገቢና የወጪ መዝገብ ናቸው። የቀሩት ተማሪ ጸሐፊዎች እየገለበጡ የሚማሩባቸው የቃላት ዝርዝሮች ሲሆኑ፣ ከመካከላቸው አንዱ የማዕረግና የሥራ ስሞችን በተራ የደረደረ ነው። ጸሎትና ገድል በሸክላ ላይ የታዩት ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ ነው።

አንዱን ጽላት ቀረብ ብለን እንየው። ጸሐፊው የወንዝ ዳር ጭቃ አሽቶ በመዳፍ የምትያዝ ጠፍጣፋ ያበጃል፤ ሸንበቆም ይቆርጣል። የሸንበቆውን ክብ ጫፍ አጋድሞ ሲጫን የጥፍር ቅርጽ ይወጣል፤ ይህ 1 ነው። ቀጥ አድርጎ ሲጫን ክብ ጉድጓድ ይወጣል፤ ይህ 10 ነው። ስድስት ክብ ሲሞላ በወፍራሙ ሸንበቆ አጋድሞ አንድ ትልቅ ምልክት ያደርጋል፤ ይህ 60 ነው። የፊት ገጹን በመስመር ከፋፍሎ በየሳጥኑ አንዳንድ ወጪ ይጽፋል፤ ከዚያ ጽላቱን ገልብጦ ድምሩን በጀርባው ያሰፍራል። ጭቃው ከደረቀ ሸንበቆውን አይቀበልም፣ ከመጠን በላይ ከራሰም ምልክቱ ይጠፋል፤ ስለዚህ ሂሳቡ በአንድ ተቀምጦ ማለቅ ነበረበት።

አስቸጋሪው የቁጥሩ ዋጋ ነው። ያው ክብ ጉድጓድ በግ ሲቆጠርበት 10 ነው፤ ገብስ ሲሰፈርበት ግን የጥፍር ቅርጹ ምልክት 6 እጥፍ ነው። ይህን ያላወቀ አንባቢ ድምሩ አልገጥም ይለዋል። የዘመናችን ተመራማሪዎችም ምስጢሩን እስኪደርሱበት ድረስ ብዙ ደክመዋል።

መብላትን የሚያመለክተው ምልክት የሰው ራስና ከአፉ አጠገብ ያለ ጎድጓዳ ሳህን ነው። ያ ሳህን በቁፋሮ በብዛት የሚወጣው፣ በቅርጽ ማውጫ የተሠራው ሻካራ ሸክላ እንደሆነ ብዙዎች ይስማሙበታል። ከ1000 ዓመት ገደማ በኋላ፣ በዚያው አገር በኡር ከተማ ነገሥታት ዘመን፣ ቀለቡ የታወቀ ልክ ነበረው፦ ለወንድ ሠራተኛ በወር 60 ሲላ ገብስ፣ ለሴት 30 ሲላ፣ ለልጅ ከዚያ ያነሰ። አንድ ሲላ 1 ሊትር ያህል ነው፤ 300 ሲላ ደግሞ አንድ ጉር ይባላል። 20 ወንዶችና 10 ሴቶች ያሉበት ቡድን 1200 እና 300፣ በድምሩ 1500 ሲላ ይወጣለታል፤ ይህም ልክ 5 ጉር ነው። 60፣ 30 እና 300 የተመረጡት ጸሐፊው ሳይቸገር እንዲያካፍላቸው መሆኑ ከዚህ ይታያል። ሰዓታችን 60 ደቂቃ የሆነው ከዚያው አገር በወረስነው ስሌት ነው።

ጥያቄ፦ የግብፅን ፒራሚዶች የሠሩት ባሮች ናቸው ይባላል። እውነት ነው? ያን ያህል ሰውስ እንዴት ይመራ ነበር?

መልስ፦ በጅራፍ የሚነዳ የባሪያ ሠራዊት የሚለውን ሥዕል ቁፋሮው አይደግፈውም። በጊዛ የሠራተኞቹ መንደር ከነዳቦ መጋገሪያዎቹ ተገኝቷል፤ መቃብራቸውም ከፒራሚዶቹ ብዙም አይርቅም። ግዴታ አልነበረም ማለታችን ግን አይደለም። መንግሥት ሰውን ለሥራ ይጠራ ነበር፤ የተጠራውንም ይቀልበው ነበር።

አደረጃጀቱን በግልጽ የሚያሳየን እ.ኤ.አ. በ2013 በቀይ ባሕር ዳርቻ፣ ዋዲ አል ጃርፍ በተባለ ቦታ የተገኘው ፓፒረስ፣ ማለትም ከደንገል የተሠራ የጽሑፍ ወረቀት፣ ነው። ሜሬር የተባለ አለቃ ትልቁን የጊዛ ፒራሚድ ባሠራው በንጉሥ ኩፉ ዘመን መጨረሻ የጻፈው የቀን መዝገብ ነው። ሜሬር 40 ያህል ሰዎች ይዞ ቱራ ከተባለ የድንጋይ ማውጫ የኖራ ድንጋይ በጀልባ ጭኖ ወደ ጊዛ ያደርስ ነበር፤ በ10 ቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ይመላለሳል። ጠዋት የት እንደነበሩ፣ የት እንዳደሩ፣ ምን እንደጫኑ በየቀኑ ሰፍሯል። አብረውት የተገኙት የቀለብ ሰነዶች ደግሞ ሊደርስ የሚገባው፣ የደረሰው እና የቀረው እየተባሉ ተከፋፍለዋል። ሺዎችን የመምራት ጥበቡ ይኸው ነው፦ ሰውን በትንንሽ ቡድን ከፋፍሎ ለየቡድኑ አለቃና መዝገብ መስጠት።

ቀለቡ ሲቋረጥ ሥራውም ይቆማል። በዴይር ኤል መዲና መንደር እየኖሩ የነገሥታቱን መቃብር ከሚፈለፍሉት ባለሙያዎች ተራው ሠራተኛ በወር 4 ኻር ስንዴና 1 ኻር ተኩል ገብስ ያገኝ ነበር። አንድ ኻር ወደ 77 ሊትር ስለሚጠጋ ይህ ለቤተሰብ የሚበቃ ነው። በራምሴስ 3ኛ 29ኛው የንግሥ ዓመት፣ በ1155 ቅ.ል.ክ. ገደማ፣ ወሩ ከገባ 18 ቀን አልፎ ቀለባቸው ባለመድረሱ ተርበናል ብለው መሣሪያቸውን ጥለው ወጡ፤ ከቤተ መቅደስ ጀርባም ተቀመጡ። ጩኸታቸው ለፈርዖን ይነገርልን የሚል ነበር። በጽሑፍ ከቆዩልን የሥራ ማቆም አድማዎች ቀዳሚው ይህ ነው። ቀለቡም በኋላ ተሰጥቷቸዋል።

ጥያቄ፦ ያለ ንጉሥ ወይም ያለ ጽሕፈት ትልቅ ሥልጣኔ ሊኖር ይችላል?

መልስ፦ ይችላል። በኢንዱስ ሸለቆ፣ ከ2600 እስከ 1900 ቅ.ል.ክ. ገደማ በነበሩት በሞሄንጆ ዳሮና በሐራፓ ከተሞች፣ በዛሬዋ ፓኪስታን፣ የቤተ መንግሥት ወይም የንጉሥ መቃብር ነው ተብሎ በእርግጥ የተለየ ሕንፃ የለም። በማኅተሞቻቸው ላይ ያሉት ምልክቶችም እስከ ዛሬ አልተነበቡም። ልካቸው ግን በጣም የተስተካከለ ነበር። የጡባቸው ውፍረት፣ ወርድና ርዝመት 1 ለ 2 ለ 4 ነው፤ ለቤት በሚሠራው ጡብ 7፣ 14 እና 28 ሴንቲ ሜትር ገደማ። ከድንጋይ የተቀረጹት የሚዛን ክብደቶቻቸው 1፣ 2፣ 4፣ 8፣ 16 እያሉ ይታጠፋሉ፤ በብዛት የሚገኘው ባለ 16 እጥፉ 13.7 ግራም ያህል ይመዝናል። መቶዎች ኪሎ ሜትር በተራራቁ ከተሞች ይህ ልክ አንድ መሆኑ የሚያስደንቅ ነው። ንጉሥ ይኑር አይኑር፣ በልኩ ላይ ስምምነት ነበር።

ያለ ጽሕፈት ለሚለው የደቡብ አሜሪካው የኢንካ መንግሥት ምስክር ነው። ዘመኑ ከሌሎቹ በጣም የቀረበ፣ 15ኛውና 16ኛው ክፍለ ዘመን ነው። የሚቆጥሩት ኪፑ በሚባል የገመድ መዝገብ ነበር። ከዋናው ገመድ ብዙ ቀጫጭን ገመዶች ይንጠለጠላሉ፤ ቋጠሮው ወደ ጫፉ ሲጠጋ አንድ ቤት፣ ከፍ ሲል አሥር ቤት፣ ከዚያም መቶ ቤት ነው። 304ን ለመጻፍ ከላይ ሦስት ነጠላ ቋጠሮ ይደረጋል፤ የአሥር ቤቱ ባዶ ይተዋል፤ ከታች አራት ጊዜ የተጠመጠመ አንድ ረጅም ቋጠሮ ይታሰራል። ሕዝቡም በአሥር፣ በመቶ፣ በሺና በአሥር ሺ አባወራ ይመደብ ነበር። ግብሩ በዋናነት ጉልበት ነው፦ ገበሬው በተራው የመንግሥቱን ማሳ ያርሳል፣ ምርቱ በየመንገዱ ዳር ወደተሠሩት ጎተራዎች ይገባል። በኢንካዎቹ ከተማ በሁዋኑኮ ፓምፓ ብቻ 500 የሚጠጉ ጎተራዎች በተራራ ጥግ ተደርድረው ቆመዋል።

ጥያቄ፦ የሜሶፖታሚያ መሬት ያን ያህል ለም ከነበረ ዛሬ ብዙው ለምን ጨዋማ ሆነ? ሕጎቻቸውስ ስለ መስኖ ይደነግጉ ነበር?

መልስ፦ ይደነግጉ ነበር። ከ1792 እስከ 1750 ቅ.ል.ክ. በሜሶፖታሚያዋ ባቢሎን በነገሠው በሐሙራቢ ሕግ፣ የማሳውን ግድብ ማጠናከር የሰነፈ ሰው ውኃ ጥሶ የጎረቤቱን እህል ካጠፋ በእህል ይክሳል። መክፈል ካቃተው እሱና ንብረቱ ተሸጠው ገንዘቡን እህላቸው የጠፋባቸው ይካፈላሉ። ጠንካራ ሕግ ነው፤ በአንድ ቦይ ላይ የተንጠለጠለ ሕዝብ ቸልተኝነትን እንደ ወንጀል ማየቱም አይገርምም።

ጨዉን ግን ሕግ አይመልሰውም። የወንዝ ውኃ ጥቂት ጨው ይዞ ይመጣል። አገሩ ሜዳ በመሆኑ ትርፉ ውኃ የሚሄድበት የለም፤ ወደ ታች ሰርጎ የከርሰ ምድሩን ውኃ ከፍ ያደርገዋል። ያ ውኃ ከመሬቱ ገጽ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ሲቀረው በአፈሩ ቀዳዳ እየተሳበ ይወጣል፤ ፀሐዩ ውኃውን ሲያተነው ጨዉ ከላይ ይቀራል። ገበሬው ቡቃያው ሲጠወልግ ውኃ አነሰው ብሎ ከጨመረበት ችግሩን ያብሰዋል። ስንዴ ለጨው ደካማ ስለሆነ ገብስ ቦታውን ያዘ። ዋናው መከላከያቸው ማሳውን አንድ ዓመት ዘርቶ አንድ ዓመት ጦም ማሳደር ነበር፤ በዚያ ዓመት ሥረ ረጅም የበረሃ ቁጥቋጦዎች ይበቅሉና ውኃውን ከሥር እየመጠጡ ያወርዱታል። ግብር በዝቶበት ጦም ማደር የሚገባውን ማሳ የዘራ ሰው ለጊዜው እህል ያገኛል፣ የሚቀጥለውን ግን ይከስራል።

በግብፅ የዓባይ ሙላት ከአርባ ቀን በላይ ማሳው ላይ ቆይቶ ሲመለስ ጨዉን አጥቦ ይሄድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970 የአስዋን ከፍተኛ ግድብ ተጠናቆ ጎርፉ ከቀረ ወዲህ የግብፅ ገበሬም ከማሳው ሥር የውኃ ማፋሰሻ ቧንቧ ለመቅበር ተገዷል።