ለሶላር ጣቢያ ግንባታ የአዘዞ ብረት ሠሪዎች ምን ማቅረብ ይችላሉ?

ሰላም ወንድሜ። ጎንደር ዙሪያ ትልቅ የሶላር ጣቢያ ቢገነባ አዘዞ ያለው የብረታ ብረት ማኅበራችሁ ምን ሊያቀርብ እንደሚችል ጠይቀሃል። በኤሌክትሪክ ግንባታዎች ላይ ዕቃ ግዢ ለዓመታት ስለሠራሁ፣ ያየሁትን ልንገርህ።

ፓነሉን እርሱት። ከ80 በመቶ በላይ የሚሆነው የዓለም ፓነል የሚመረተው ቻይና ነው። ከባዱና ከሩቅ ለማምጣት ማጓጓዣው የሚያስወድደው ዕቃ ግን ከቅርብ መገዛቱ አይቀርም። ጠጠር፣ አሸዋ፣ አጥር፣ በር፣ የኬብል መሸከሚያ፣ የጥበቃ ቤት። አንድ ሜጋ ዋት እስከ 2 ሄክታር መሬት ይፈጃል። 50 ሜጋ ዋት 100 ሄክታር ያህል ሊይዝ ይችላል ማለት ነው፤ ቦታው እኩል አራት ማዕዘን ቢሆን እንኳ አጥሩ 4 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ይሄ ለእናንተ ትልቅ ሥራ ነው።

ፓነሉን የሚሸከመው ብረት ላይ ግን ተጠንቀቁ። ይህ ብረት 450 ዲግሪ ገደማ በሞቀ ቀልጦ ዚንክ ውስጥ የሚነከር ነው። መቁረጥ፣ መብሳትና መበየድ ከመነከሩ በፊት ማለቅ አለበት። ከተነከረ በኋላ ከተበየደ ዚንኩ ይቃጠልና ዝገት በዚያው ይጀምራል። ጭሱም ለበያጁ ጤና ጠንቅ ነው። መንከሪያ ከሌላችሁ በቦልት የመገጣጠሙን ሥራ ጠይቁ። የሰው ጉልበት በብዛት የሚፈልገው እሱ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። የአካባቢ አቅራቢዎች ከጨረታ ሲወጡ ያየሁት ሙያ አንሷቸው አይደለም። ወረቀትና ገንዘብ ነው የሚጥላቸው። አንድ ወርክሾፕ የሠራው በር ልኩም ብየዳውም ምንም አይወጣለትም ነበር። አማካሪ መሐንዲሱ የብረቱን የፋብሪካ ምስክር ወረቀት ጠየቀ። ብረቱ ከሱቅ በችርቻሮ የተገዛ ነው፤ ወረቀት የለውም። በሩ ተመለሰ። እንዲህ ያለ ሥራ ሲመለስ ማየት ያንገበግባል። ስለዚህ ብረት ስትገዙ ምስክር ወረቀቱን አብራችሁ ተቀበሉ። ፋብሪካው ብረቱ ላይ የጻፈው ቁጥር ከወረቀቱ ጋር መመሳሰሉንም እዚያው አረጋግጡ።

ገንዘቡ ደግሞ ይባስ ይከብዳል። ዕቃው ተረክቦ፣ ተመርምሮ፣ ክፍያው እስኪለቀቅ ወራት ሊያልፍ ይችላል። ቅድመ ክፍያ አለ ቢባልም የባንክ ዋስትና ይጠየቅበታል፤ ባንኩ ደግሞ ለዋስትናው መያዣ ይፈልጋል። ትንሽ ማኅበር ይህን ከየት ያመጣል? ሲሠራ ያየሁት መፍትሔ አንድ ነው፦ ብረቱን ተቋራጩ ያቅርብ፣ እናንተ የእጅ ዋጋ ብቻ ተዋዋሉ። ትርፉ ያንሳል፤ ግን ገንዘባችሁ ብረት ላይ ታስሮ አይቀርም። የወረቀቱም ጣጣ ወደ ተቋራጩ ይሄዳል። የአጥሩን ሥራ በየ500 ሜትሩ ከፍላችሁ እንድታስረክቡ፣ ክፍያውም በዚያው ልክ እንዲሆን ውሉ ውስጥ አስገቡ።

ስለ አፈሩ አንድ ነገር ልጨምር። የእኛ ዋልካ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ ጥልቀት የሌለው የአጥር ምሰሶ ይዘምማል። ከውጭ የሚመጣ ተቋራጭ ይህን ላያውቅ ይችላል። ዋጋ ስትሰጡ የጉድጓዱን ጥልቀት በግልጽ ጻፉ፤ አለዚያ በኋላ ማስተካከያው በእናንተ ኪሳራ ይሆናል። ጠጠርና አሸዋው ከሰኔ በፊት ቦታው መድረስ አለበት። ዝናቡ ከገባ መኪና ዋልካ ላይ አይንቀሳቀስም።

ጨረታ እስኪወጣ አትጠብቁ። አንድ የአጥር ክፍል ከነምሰሶው ናሙና ሠርታችሁ፣ ከብረቱ ወረቀት ጋር፣ ወደ ተቋራጩ የግዢ ክፍል ውሰዱ።